ስለ ጥንቱ ባርኔጣና በቤት ስለሚታጠብ ፎቶግራፍ

ሰው ከዕለት ሥራው ሲመለስ አሳቡን የሚያሳርፍበት አንዳች ነገር ሳያበጅ አይኖርም። አንዱ አትክልት ይኰተኵታል፤ አንዱ ገበጣ ይጫወታል፤ አንዱ በገና ይደረድራል፤ አንዱም መጽሐፍ ሲያነብ ያመሻል። የእኔ ግን ከነዚህ ሁሉ ወጣ ያለ ስለ ሆነ፤ ወዳጆቼ በሰሙት ጊዜ አንዳንዶቹ ይሥቃሉ፤ አንዳንዶቹም ገንዘብህን በከንቱ ታፈሳለህ እያሉ ይገሥጹኛል። ይኸውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጊዜው ካለፈ ብዙ ዘመን የሆነውን የጠጕር ባርኔጣ ማድረግ ነው። ሁለተኛውም በፊልም ፎቶግራፍ አንሥቶ ፊልሙን ወደ ፎቶ ቤት ሳይሰዱ በገዛ እጅ በቤት ማጠብ ነው።

በዛሬው ዘመን ሕፃኑም ሽማግሌውም በኪሱ በያዘው ስልክ በአንድ ቀን መቶ ሥዕል ሲያነሣ፤ አንድ ሰው ለሠላሳ ስድስት ሥዕል ብቻ ወር ሙሉ ሲደክም ማየት የሚያስገርም መሆኑን አልክድም። ስለዚህ የዚህ ነገር ደስታው ከወዴት እንደ ሆነ ለአንባቢዎች ልገልጽ አሰብሁ። ነገር ግን ደስታውን ብቻ አውርቼ፤ በዚሁ ደስታ ምክንያት የገባሁበትን ዕዳ ብሸሽግ አንባቢን ማታለል ስለሚሆንብኝ፤ ሁለቱንም በየተራው እናገራለሁ።

ባርኔጣው የመጣልኝ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ በጉለሌ በምኖርበት ሰፈር፤ ግቢያቸው ከአጥሬ ጋራ የሚዋሰን አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሩኝ። ባለቤታቸው በፖስታ ቤት ብዙ ዘመን በጸሐፊነት አገልግለው ያረፉ ሰው ነበሩ፤ አንድ ልጃቸውም ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ከተማ ይኖራል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ጣሪያቸው አፍስሶ ዕቃቸውን ከጓዳ ወደ ሳሎን ስናዛውር፤ ከቁም ሣጥኑ ላይ አንድ ክብ የካርቶን ሣጥን ወረደ። በከፈትነው ጊዜ ግራጫ ባርኔጣ ተገኘበት፤ በውስጡም ባለው የቆዳ ጥብጣብ ላይ ቦርሳሊኖ የሚል ስም ታትሟል። እማማ ባርኔጣውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ዝም አሉና፤ «ብል ከሚበላው አንተ አድርገው፤ ራስህ የእሳቸውን ራስ ያህላል» ብለው ሰጡኝ።

ያን ጊዜ ስለ ባርኔጣ የማውቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን መመርመር ያዝሁ። ቦርሳሊኖ ማለት ጁዜፔ ቦርሳሊኖ የተባለ ሰው በኢጣልያ አገር በአሌሳንድርያ ከተማ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1857 ዓመት ያቋቋመው የባርኔጣ ፋብሪካ ስም ነው። ይህ ዓይነት ባርኔጣ ከጨርቅ የተሰፋ አይደለም፤ ተፈትሎም አልተሸመነም። የጥንቸል ጠጕር በሙቅ ውሃና በእንፋሎት እየራሰ በብርቱ ሲታሽ፤ ጠጕሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ በእንጨት ቅርጽ ላይ ተወጥሮ አናትና ክፈፍ ይወጣለታል። ከፊቱ ቆንጠጥ ከአናቱም ጎድጎድ ያለውን ባርኔጣ ፈረንጆች ፌዶራ ይሉታል። ስሙ ፈረንሳዊው ደራሲ ቪክቶርያን ሳርዱ በ1882 ዓመት ካሳየው ቴአትር የመጣ ነው፤ ፌዶራ የቴአትሩ ባለታሪክ የሆነች ሴት ስም ነበረ። ወንዶች ዛሬ የሚኰሩበት ባርኔጣ የሴት ስም መያዙን ለወዳጆቼ በነገርኋቸው ጊዜ ብዙ ሣቁብኝ።

ነገር ግን አሮጌውን ነገር የምንወድ ሰዎች አሮጌው ዘመን ሁሉ መልካም ነበር ከማለት ልንጠነቀቅ ይገባናል። ቀድሞ ባርኔጣ ሠሪዎች ጠጕሩ ቶሎ እንዲጠላለፍላቸው ባዜቃ፤ ማለት ሜርኩሪ በገባበት መድኃኒት ይቀቡት ነበር። ሠራተኞቹም ትነቱን እየሳቡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፤ አእምሮአቸውም ይታወክ ነበር። ይህ አሠራር በአሜሪካ አገር እስከ 1941 ዓመት ድረስ ቈይቷል። እንግዲህ በራሴ ላይ ያለው ጌጥ የማን ጤና እንደ ተከፈለበት ሳላስብ ባርኔጣዬን ማድረግ አይቻለኝም።

የባርኔጣን አያያዝ ያስተማሩኝ እማማ ናቸው። ባርኔጣ ሲያነሡት በክፈፉ ነው እንጂ አናቱን በጣት ቆንጥጦ መያዝ አይገባም፤ ጠጕሩ ይሰነጠቃልና። በጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት በአናቱ ደፍቶ አፉን ወደ ላይ ማድረግ ነው፤ አለዚያ ክፈፉ ይጣመማል። ዝናብ የመታው እንደ ሆነ ወደ እሳት ሳያስጠጉ በቀስታ ማድረቅ ነው። ቅርጹ የጠፋ እንደ ሆነ ከሚፈላ ጀበና አፍ በሚወጣው እንፋሎት ጥቂት አለስልሶ በእጅ መመለስ ነው። አቧራውንም በለስላሳ ብሩሽ በጠጕሩ አተኛኝ ልክ መጥረግ ነው። ይህን ሁሉ ለባለቤታቸው ብዙ ዓመት ሲያደርጉት ኖረዋልና እጃቸው አልረሳውም ነበር።

ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሳያውቀው ሥርዐት ይማራል። ሽማግሌ ሲገናኘው ያወልቃል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ያወልቃል፤ አስከሬን ሲያልፍ ቆሞ ያወልቃል። ከዚህ በፊት ባዶ ራሴን ስሄድ በነዚህ ሁሉ አጠገብ ዝም ብዬ አልፍ ነበር፤ ስለማክበር የማወልቀው ነገር አልነበረኝምና። በታክሲ ውስጥ ግን መከራ አለበት። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ባርኔጣዬን በጕልበቴ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ እቀመጣለሁ፤ ረዳቱም ሃምሳ ዓመት ያልሞላኝን ሰው «አባባ፤ ጠጋ በሉ» ይለኛል።

ባርኔጣና ፎቶግራፍ በአገራችን አብረው የሚታሰቡ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ባርኔጣ አድርገው የተነሡትን ፎቶግራፍ ያላየ የለም። በዚያም ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ልጆቹም ሃይጋዝና ቶርኮም ከእርሱ በኋላ በዚሁ ሥራ ታውቀዋል። እነዚያ ሰዎች ያነሡትን ሁሉ በጨለማ ክፍል ውስጥ በእጃቸው ያጥቡ እንደ ነበር ሳስብ፤ እኔም ሥራውን ልሞክረው የሚል ምኞት ያዘኝ። አንድ አሮጌ የፎቶግራፍ መኪና ከመርካቶ ገዛሁ፤ ከተዘጋም ፎቶ ቤት ሥዕል የሚያጎላውን መሣሪያ አገኘሁ። ፊልሙን ግን በከተማችን ማግኘት ጭንቅ ስለ ሆነ፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ባገኘሁ ቍጥር ሽቶና ጫማ ትቼ ፊልም አስመጣለሁ።

የሥራው አኳኋን ይህን ይመስላል። በፊልም ላይ የተቀባው ስስ ሽፋን ጄላቲን ይባላል፤ እርሱም ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። በጄላቲኑ ውስጥ ከዐይን የረቀቁ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። ብርሃን ያገኘው ቅንጣት በመልኩ ምንም ሳይለወጥ በባሕርዩ ይነካል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን አይታይም። ይህን ስውር ሥዕል በመድኃኒት ማውጣት እንደሚቻል እንግሊዛዊው ታልቦት በ1840 ዓመት አገኘው። ባለ ፎቶ ቤቶች ዴቬሎፐር የሚሉት መድኃኒት ብርሃን የነካውን ቅንጣት ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል። ከዚያም ሂፖ የሚባለው መድኃኒት ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አሟሙቶ ያወጣዋል። የሂፖን ጠባይ ጆን ሄርሸል የተባለው ሊቅ በ1819 ዓመት አውቆት ነበር፤ ለፎቶግራፍ ግን የዋለው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1839 ዓመት፤ የዳጌር ፎቶግራፍ በፓሪስ ለዓለም በተገለጠበት ዓመት ነው።

ዴቬሎፐሩን በቤቴ በሚዛን እየለካሁ አዘጋጃለሁ። ዲ 76 የሚባለው ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፤ ሜቶል 2 ግራም፥ ሶዲየም ሰልፋይት 100 ግራም፥ ሃይድሮኪኖን 5 ግራም፥ ቦራክስ 2 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ሜቶሉ አስቀድሞ መሟሟት አለበት፤ ሰልፋይቱ ከቀደመ ሜቶሉ በእንቢታ ይቀራል። ይህን ስበጠብጥ ዘወትር የሚታሰቡኝ ቁም ጸሐፊዎቻችን ናቸው። እነርሱ ብራናቸውን ራሳቸው ይፍቃሉ፤ ጥላሸቱን ከልዩ ልዩ ነገር ጋራ እያሹ ጥቁሩን ቀለም ራሳቸው ያበጃሉ፤ ከብዙ ቀንም በኋላ ይጽፉበታል። የእነርሱም ጽሕፈት የእኔም ሥዕል ከእንስሳ ቆዳ ጋራ የተያያዘ መሆኑ አንድ ዝምድና ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ የእነርሱ ሥራ ከእኔ ጨዋታ ጋራ የማይነጻጸር ቢሆን።

ሌሊት ሲሆን የመታጠቢያ ቤቴን መስኮትና በር በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ። ይህ ፊልም ቀዩንም መብራት ስለሚያይ ጨለማው ፍጹም መሆን አለበት። ፊልሙን ከቤቱ አውጥቼ በጥቅል መያዣው ላይ በጣቴ እየዳሰስሁ እጠመጥመዋለሁ፤ ከዚያም ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ውስጥ እከተዋለሁ። ከዚህ በኋላ መብራት ማብራት ይቻላል። የመድኃኒቱ ሙቀት 20 ዲግሪ መሆን አለበት፤ የክረምቱ የቧንቧ ውሃ ግን ከዚህ ይቀዘቅዛልና በሳፋ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ። ለእኔ ፊልም ሰባት ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። በየደቂቃው ዕቃውን ዐሥር ሴኮንድ ያህል ገልበጥ ገልበጥ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ሂፖው አምስት ደቂቃ ይቈያል። በመጨረሻው ውሃ ይመጣል።

ውሃ በየሰፈሩ በተራ በሚመጣበት ከተማ ፊልምን ግማሽ ሰዓት በሚፈስ ቧንቧ ማጠብ በደል ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ አገር ፊልም ሠሪ ኢልፎርድ ያስተማረውን የቍጠባ ዘዴ እከተላለሁ። ዕቃውን በውሃ ሞልቶ አምስት ጊዜ መገልበጥና መድፋት፤ ዳግመኛ ሞልቶ ዐሥር ጊዜ፤ ሦስተኛም ሞልቶ ሃያ ጊዜ መገልበጥ ነው። አንድ ጀሪካን ይተርፋል። በቋንቋችን ሥራውን ሁሉ በዚህ በመጨረሻው ክፍል ስም ማጠብ ብለን መጥራታችን በጣም ደስ ይለኛል፤ ከመድኃኒቱ አንዳች የተረፈበት ፊልም በዓመታት ውስጥ ይጠፋልና፤ ሥዕሉን ለልጅ ልጅ የሚያቆየው መታጠቡ ነው።

ፊልሙን ከዕቃው አውጥቼ ወደ መብራት ባነሣሁት ጊዜ የሚሰማኝን ደስታ በምን ቃል ልናገረው? ነጩ ጥቁር፤ ጥቁሩም ነጭ ሆኖ ተገልብጦ፤ ከወር በፊት ያየሁት ሰው በጥፍር ስፋት ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ዓመት ያወጣው የኮዳክ መኪና 100 ሥዕል የሚይዝ ፊልም ታሽጎበት ይሸጥ ነበር፤ ባለቤቱም አንሥቶ ሲጨርስ መኪናውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይሰደው ነበር። እንግዲህ ሥዕል ማጠብ ከተራ ሰው እጅ መውጣት የጀመረው ስልክ ሥዕል ማንሣት ከመጀመሩ ከመቶ ዓመት በፊት ነው ማለት ነው። እኔም የወደድሁት ነገር ዛሬ ብቻ ሳይሆን በአያቶቻችን ዘመን እንኳ ያረጀ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ጥቂት ትዕቢት ያዘኝ። ስልክ የሚያነሡትን ሰዎች በልቤ እንቅ ጀመር። መዘግየት ራሱ በረከት ነው፤ ሳይጠብቁ የተገኘ ሥዕል ጣዕም የለውም፤ እያልሁ ለሚሰማኝ ሁሉ አስተምር ነበር። አሁን ወደ ዕዳዬ ደረስሁ።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ከጥምቀት በኋላ እማማ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «ልጄ፤ ያን መኪናህን አምጣና ከእሳቸው ባርኔጣ ጋራ አንሣኝ። ለልጄ እልክለታለሁ» አሉ። ባርኔጣውን ይዤ ሄድሁ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፤ በደጃቸው ባለች ዱካ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣውንም በጕልበታቸው ላይ እርሳቸው እንዳስተማሩኝ በአናቱ ደፍተው አስቀመጡት፤ ሁለቱን እጆቻቸውንም በክፈፉ ላይ አሳረፉ። ሁለት ሥዕል አነሣሁ። በመኪናው ላይ ያለው ቍጥር 14ኛና 15ኛ ይል ነበር፤ እንግዲህ ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ አንድ ሥዕል ቀርቶታል።

«መቼ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ፊልሙ ሲያልቅ አጥበዋለሁ» አልኋቸው።

አብራቸው የምትኖረው ልጅ በዚያ ቆማ ነበርና፤ «እማማ፤ እኔ በስልኬ ላንሣዎትና አሁኑኑ ልላክለት» አለች። እኔ ግን፤ «ተይ፤ የእኔው ይሻላል፤ የስልክ ሥዕል ነፍስ የለውም» አልኋት። እማማም የእኔን ቃል አክብረው፤ «እንግዲህ እሱ እንዳለ ይሁን» ብለው እንቢ አሏት። ይህን ቃሌን ባስታወስሁ ቍጥር እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል።

የካቲት መጣ። ፊልም ውድ ስለ ነበረብኝ የቀሩትን ሥዕሎች ለፋሲካ ላቆያቸው አሰብሁ፤ በዚህም መካከል አንድ ሁለት የዛፍና የጥላ ሥዕል ብቻ አነሣሁ። እማማ በአጥሩ በኩል ባዩኝ ቍጥር፤ «ሥዕሌ ገና ጨለማ ውስጥ ናት?» እያሉ ይሥቃሉ። እኔም እየሣቅሁ ስለ ትዕግሥት ጥቅም እነግራቸዋለሁ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሴት ትዕግሥት ላስተምር መነሣቴ ያን ጊዜ አላሳፈረኝም።

በመጋቢት ወር፤ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፤ አንድ ሌሊት ልጅቱ በሬን መታች። እማማ ታመው ሳይተኙ፤ ማንንም ሳያስቸግሩ፤ በእንቅልፋቸው ዐርፈው ነበር።

ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ድንኳን ሲተከል፤ በልቅሶው ቤት የሚቆም ፎቶግራፍ ተፈለገ። ከግድግዳው ላይ ያለው የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ በእርሱም ላይ የሃያ ዓመት ልጅ ናቸውና ልቅሶ ደራሹ አያውቃቸውም። ልጅቱ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ምንም አልተናገረችም። እኔም ወደ ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብሱን በመስኮቱ ላይ ሰቅዬ ፊልሙን በጨለማ አወጣሁት። ያላነሣሁባቸው ከዐሥር የበለጡ ሥዕሎች ነበሩበት፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳዘኑኝም። ከሁለት ወር በፊትም ሊያሳዝኑኝ ባልተገባ ነበር።

እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰባት ደቂቃ ተኩሉ ረዘመብኝ። አጥቤ ሳወጣው ሁለቱም ሥዕሎች ደኅና ወጥተው አየሁ፤ ነገር ግን ለመስቀል ስቸኵል ጣቴ በ14ኛው ላይ ዐረፈ። የረጠበ ጄላቲን እንደ ወተት ስልባቦት ለስላሳ ነውና ፊታቸው ከነሽፋኑ ተፋቀ። 15ኛው ተረፈ። ፊልሙ እስኪደርቅ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ በዚያች ሌሊት መጠበቅ ምንም ጣዕም አልነበረውም። ሊነጋ ሲል በቀይ መብራት ሥር በወረቀቱ ላይ መዠመሪያ የባርኔጣው ጥቁር ጥብጣብ፤ ቀጥሎም ዐይኖቻቸው ወጡ። ከዕለቱ ሁሉ መልካም የሆነ ሥዕል ነበረ። በሕይወታቸው ሳሉ ያላዩት መሆኑ ብቻ ነው ጕድለቱ።

ልጃቸው ከአሜሪካ የደረሰው ለሠልስቱ ነው። ከድንኳኑ ገብቶ አልቅሶ ከበቃው በኋላ በሥዕሉ ፊት ቆሞ ብዙ ተመለከተ። «ይህ መቼ የተነሣ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «በጥር» አልሁት። «በጥር?» አለና ጥቂት ቆይቶ፤ «በየሳምንቱ በስልክ ስንነጋገር፤ ሥዕል ይመጣልሃል ትለኝ ነበር። ምን ሥዕል እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ቢቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ነገር ብዙ ቀን አሰብሁ። አርባው ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ባርኔጣውን በሣጥኑ አድርጌ ወሰድሁለት። አንባቢዎች ከልቤ ደስ ብሎኝ የሰጠሁ እንዳይመስላቸው እውነቱን እናገራለሁ፤ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ አሳቤን ልለውጥ ነበር፤ ስጦታው የእኔ ነው፤ እርሳቸው በእጃቸው ሰጥተውኛል፤ እያልሁ። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ በባርኔጣው ክፈፍ ላይ ያረፉትን እጆች እያየሁ ባርኔጣውን በራሴ ላይ ማድረግ አልቻልሁም። እርሱም ሊቀበል አልፈለገም፤ «እናቴ ለአንተ ሰጥታሃለች» አለ። እኔም፤ «ወንድሜ፤ ለእኔ የሰጡኝ ብል እንዳይበላው ነው፤ ለአንተ የታሰበውን ሥዕል ግን ሳላደርስ ቀረሁ። ይህን ተቀበለኝና ይቅለለኝ» አልሁት። ያን ጊዜ ተቀበለ።

አያያዙንም አሳየሁት፤ በክፈፉ ማንሣት፤ በአናቱ ደፍቶ ማስቀመጥ፤ ከእሳት ማራቅ። እናቱ ለእኔ ያስተማሩኝን እኔ ለልጃቸው ሳስተምር ነገሩ እጅግ እንግዳ ሆነብኝ። በሚሄድበት ቀን ሻንጣው ባርኔጣውን የማይችለው ሆነ፤ ስለዚህ በራሱ አድርጎት ወጣ። ትንሽ ጠበበው። ከደጁ ሲደርስ ዞሮ የእናቱን ቤት አየና ባርኔጣውን አወለቀ፤ ይህን ግን ያስተማረው ማንም የለም።

ከዚህ በኋላ መኪናዬን ለብዙ ወር አልነካሁትም። ጨዋታዬን ጨርሼ ልተወው አስቤ ነበር። በኋላ ግን ጥፋቱ ከፊልሙ ሳይሆን ከእኔ መሆኑን ተረድቼ፤ ሦስት ሥርዐት አውጥቼ ተመለስሁ። አንደኛው፤ የሰው ፊት ያነሣሁ እንደ ሆነ ፊልሙ ቢያልቅም ባያልቅም በዚያው ሳምንት አጥባለሁ። በጨለማ ውስጥ የተነሣውን ያህል ብቻ በመቀስ ቈርጦ ቀሪውን መመለስ ይቻላልና፤ የሚጠፋው ሁለት ሦስት ሥዕል ብቻ ነው። ሁለተኛው፤ ሽማግሌና አሮጊት በስልክ ሊያነሣ የሚወድ ቢመጣ ቦታ እለቅለታለሁ፤ መብራቱን እንኳ አስተካክልለታለሁ። ሦስተኛው፤ መዘግየትን እንደ በጎ ምግባር አድርጌ ለማንም አላስተምርም።

አንድ ወዳጄ፤ እንግዲያውስ ከዚህ ሁሉ ድካም ለምን ስልክ አትይዝም? ይለኛል። ስልክ ይዣለሁ። ነገር ግን በእጅ መዝኖ፤ በእጅ በጥብጦ፤ በጨለማ ዳስሶ፤ ሙቀቱን ጠብቆ የሚሠራ ሥራ ሰውን ከራሱ ጋራ ያስታርቃል። ቀን በመሥሪያ ቤት የምጽፈው ደብዳቤ ማን እንደሚያነበው ወዴትም እንደሚደርስ አላውቅም፤ ሌሊት የማጥበው ፊልም ግን መነሻውም መድረሻውም በእጄ ነው፤ ቢበላሽም የማመካኝበት ሰው የለም። ይህ ደስታ ንጹሕ ነው፤ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን የራሳችንን ጊዜ ብናዘገይ ትዕግሥት ይባላል፤ የሌላውን ሰው ጊዜ ብናዘገይ ብድር ነው። የብድሩ ባለቤት መቼ እንደሚነሣ ደግሞ አልተነገረንም።

ዛሬ በራሴ ላይ ያለው ባርኔጣ ከመርካቶ የተገዛ ነው፤ እንደ ፊተኛው ያማረ አይደለም፤ ዝናብም ሲመታው ጥቂት ይጨማደዳል። የእማማ ነጋቲቭ ግን እኔ ዘንድ አለ። በወረቀት ጠቅልዬ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጬዋለሁ፤ ልጃቸውም ሌላ ቅጂ በጠየቀኝ ጊዜ ሳልውል ሳላድር አትሜ እልክለታለሁ። ከጎኑም ፊታቸው የተፋቀውን 14ኛውን አልጣልሁትም። በእርሱ ላይ የቀሩት ባርኔጣውና እጆቻቸው ብቻ ናቸው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በደጃቸው በኩል አልፋለሁ፤ በዚያ ዛሬ ሌላ ሰው ይኖራል። እኔም ባርኔጣዬን ከፍ አድርጌ አልፋለሁ፤ አዲሱ ጎረቤቴም ሰላምታው ለእርሱ መስሎት እጅ ይነሣኛል።